ከመምከር በፊት ማዳመጥ

«ምክር» ሲባል በብዙዎቻችን ሐሳብ ቶሎ የሚመጣው አንድ ዐዋቂ ተቀምጦ «ይህን አድርጉ፣ ያንን ተዉ» ሲል ነው። በርካታ ባለትዳሮችም ወደ ቤተሰብ ምጣኔ ክሊኒክ ሲመጡ የሚጠብቁት ይህንኑ ነው። ሲስተሯ ግን «ምን አሳሰባችሁ?» ብላ ጠይቃ ዝም ብላ ስታዳምጥ ግራ ይጋባሉ። «እኛ ልንጠይቃት መጥተን እርሷ ትጠይቀናለች እንዴ?» የሚሉም አይጠፉም። ይህ አሠራር ግን በምክንያት የተመረጠ ነው። ከየት እንደመጣ፣ መሠረቶቹ ምን እንደሆኑና ባልና ሚስት በቤታቸው እንዴት ሊጠቀሙበት እንደሚችሉ ከዚህ በታች እንመለከታለን።

በር ላይ የተጠየቀች ጥያቄ

ሰውን ማዕከል ያደረገውን የምክር ዘዴ የጀመሩት ካርል ሮጀርስ የተባሉት አሜሪካዊ የሥነ ልቡና ባለሙያ (1902-1987 እ.ኤ.አ.) ናቸው። በወጣትነታቸው በሮቸስተር ከተማ ችግር የገጠማቸውን ሕፃናት በሚረዳ ድርጅት ይሠሩ ነበር። በዚያ ያጋጠማቸውን አንድ ጉዳይ እ.ኤ.አ. በ1961 ባሳተሙት መጽሐፍ ጽፈውታል።

አንዲት እናት ባሕርዩ ስላስቸገራት ልጇ ልታማክራቸው ትመጣለች። ሮጀርስ የችግሩ ምንጭ እናቲቱ ልጁን በሕፃንነቱ ስላላቀረበችው ነው ብለው ደመደሙ። ይህንኑ በእርጋታ ሊያስረዷት ደጋግመው ቢሞክሩም አልሆነም። በመጨረሻ ሁለቱም ጥረቱ እንዳልተሳካ ተስማምተው ተሰነባበቱ። ሴትዮዋ በሩ ጋ ስትደርስ ዘወር ብላ፣ እዚህ ቤት ለዐዋቂዎችም ምክር ይሰጥ እንደሆነ ጠየቀቻቸው። አዎን ሲሏት ተመልሳ ተቀመጠችና ስለ ትዳሯ፣ ከባሏ ጋር ስላለው አለመግባባትና ስለ ተስፋ መቁረጧ ትናገር ጀመር። እውነተኛው እርዳታ የተጀመረው ከዚያ በኋላ ነው፤ ለእርሷም ለልጇም በጎ ውጤት ተገኘ።

ሮጀርስ ከዚህ የተማሩት የት እንደሚያም የሚያውቀው ራሱ ባለጉዳዩ መሆኑን ነው። የእኛም አባቶች «በሽታውን የደበቀ መድኃኒት የለውም» ይላሉ። ስለዚህ የመካሪው የመጀመሪያ ሥራ ሰው በሽታውን ሳይደብቅ የሚናገርበትን ሁኔታ መፍጠር ነው።

ሦስቱ መሠረቶች

አንደኛ፣ እውነተኛነት። መካሪው ፊቱና ልቡ ሳይለያዩ ይቀርባል። የማያውቀውን ነገር «አላውቀውም፣ ጠይቄ እነግራችኋለሁ» ይላል እንጂ አይሸፋፍንም።

ሁለተኛ፣ ያለ ቅድመ ሁኔታ መቀበል። ስድስት የወለደችውም፣ ገና መውለድ የማትፈልገውም፣ እንክብሏን ረስታ ያረገዘችውም እኩል ይከበራሉ። መቀበል ማለት ግን በሁሉም ነገር መስማማት አይደለም። ሰው እንደማይፈረድበት ሲያውቅ እውነቱን ስለሚናገር ነው።

ሦስተኛ፣ ስሜትን መረዳት። ይህ ነገሩን በባለጉዳዩ ዓይን አይቶ፣ የተረዱትንም መልሶ መንገር ነው። «አይዞሽ፣ ምንም አይደለም» ማለት ደግነት ቢሆንም ብዙ ጊዜ ወሬውን ይዘጋዋል። «ባለቤትሽ ሳያውቅ መውሰድሽ እንቅልፍ ነሥቶሻል ማለት ነው?» ሲባል ግን ልብ ይከፈታል።

ይህን ሙያ የሚማሩ ሰዎች ብዙ ጊዜ ሦስት ሦስት ሆነው ይለማመዳሉ። አንዱ ችግሩን ይናገራል፣ ሁለተኛው ያዳምጣል፣ ሦስተኛው ተመልክቶ አስተያየት ይሰጣል። ብዙዎቹን የሚከብዳቸው ቸኩሎ መፍትሔ ከመስጠት መታገሥ ነው።

ማዳመጥ ብቻውን ይበቃልን?

የሦስት ወሩን መርፌ የምትወስድ አንዲት ሴት እናስብ። የወር አበባዋ ቆሟል። «መርፌው አልተስማማኝም፣ ልተው ነው» ትላለች። ቸኩሎ የሚመክር ሰው «ችግር የለውም፣ ቀጥይ» ብሎ ይሸኛታል። የሚያዳምጥ ግን ሌላም ነገር ይሰማል። ደሙ በሆዷ የተጠራቀመ መስሏታል፤ መካን እሆናለሁ ብላ ፈርታለች፤ ባሏም በሚቀጥለው ዓመት ልጅ ይፈልጋል።

አሁን ዕውቀት ያስፈልጋል። በዚህ መርፌ የወር አበባ መቆም የተለመደ ነው። የማኅፀን የውስጥ ሽፋን ስለሚሳሳ ነው እንጂ የሚጠራቀም ደም የለም። መርፌው መካን አያደርግም፤ ነገር ግን ካቆሙት በኋላ ለማርገዝ ከሌሎች ዘዴዎች ይልቅ ጥቂት ወራት ሊዘገይ ይችላል። ስለዚህ በቅርቡ ልጅ ለሚፈልጉ ባልና ሚስት እንክብል፣ ሉፕ ወይም በክንድ ቆዳ ሥር የሚቀበረው ዘዴ ይሻል እንደሆነ መነጋገር ይገባል። መካሪዋ ባታዳምጥ ኖሮ ይህ ሁሉ ሳይነሣ ይቀር ነበር።

ማዳመጥን ከሌሎች ዘዴዎች ጋር የሚያጣምረው አሠራር የተቀናጀ ምክር ይባላል። ከሮጀርስ ማዳመጥን ይወስዳል። ከአሮን ቤክ ትምህርት ደግሞ የሚያስጨንቅን ሐሳብ፣ ለምሳሌ «ደሜ ከቆመ መካን ሆኛለሁ» የሚለውን፣ እውነት መሆኑን አብሮ መመርመርን ይወስዳል። ጄራርድ ኢጋን እ.ኤ.አ. በ1975 ካሳተሙት መጽሐፍ የጀመረው ዘዴ ደግሞ በሦስት ጥያቄዎች ይጠቃለላል፦ አሁን ያላችሁበት ሁኔታ ምንድን ነው? ምን እንዲሆን ትፈልጋላችሁ? እዚያ እንዴት ትደርሳላችሁ? በቤተሰብ ምጣኔ ክሊኒኮች የታወቁት ስድስት ደረጃዎችም፣ ማለትም ሰላምታ መስጠት፣ መጠየቅ፣ መንገር፣ ለመምረጥ መርዳት፣ አጠቃቀሙን ማስረዳትና ለቀጠሮ መመለስ፣ በዚሁ መንፈስ የተዘጋጁ ናቸው። መንገር ሁልጊዜ ከመጠየቅ በኋላ እንደሚመጣ ልብ ይበሉ።

በቤት ውስጥ ይሞክሩት

ሮጀርስ ለተጣሉ ሰዎች ያቀረቡት አንድ ቀላል ደንብ አለ። ማንም ሰው የራሱን ሐሳብ ከመናገሩ በፊት ሌላው የተናገረውንና የተሰማውን መልሶ ይናገራል፤ ተናጋሪውም «አዎን፣ እንደዚያ ነው ያልኩት» እስኪል ድረስ ተራ አያገኝም። ለምሳሌ፦

ሚስት፦ «የክሊኒኩ ቀጠሮ ሁልጊዜ የእኔ ብቻ ነው። አንተ እንዴት ነው ብለህ እንኳ አትጠይቀኝም።»

ባል፦ «እንግዲህ የከበደሽ መመላለሱ ሳይሆን ብቻሽን መወሰንሽ ነው?»

ሚስት፦ «አዎን፣ እርሱ ነው።»

ባል አሁን ተራው ደርሶታል። ምናልባትም «እኔ እኮ የሴቶች ቦታ ነው ብዬ አፍሬ ነው» ይል ይሆናል። ሚስትም ይህን ደግማ ከተናገረች በኋላ መልሷን ትሰጣለች። ልጆች ከተኙ በኋላ ለአሥር ደቂቃ ይሞክሩት። ደንቡ ቀላል ቢመስልም በንዴት ጊዜ እጅግ ይከብዳል።

ይህ ልምምድ ግን የማይሆንበት ጊዜ አለ። በቤት ውስጥ ዱላ ወይም ዛቻ ካለ መጀመሪያ የሚያስፈልገው ደኅንነት ነው። እንዲህ ያለ ችግር ያለባት ሴት መካሪዋን ለብቻዋ ለማነጋገር መጠየቅ ትችላለች።

ውድ ባለትዳሮች! በሚቀጥለው ቀጠሮ የተዘጋጀ መልስ ብቻ ፈልጋችሁ አትምጡ። የፈራችሁትን፣ ያፈራችሁበትንና ያልተስማማችሁበትንም ይዛችሁ ኑ። ቢቻል ሁለታችሁም አብራችሁ ኑ፤ ውሳኔው የእናንተው ነውና።