አቡነ ሚካኤል (የንጉሥ ላሊበላ ዘመን ጳጳስ)

አቡነ ሚካኤል (ከጵጵስናቸው በፊት ኪል ወይም ኪሉስ) በ13ኛው ክፍለ ዘመን መጀመሪያ፣ በንጉሥ ላሊበላ ዘመነ መንግሥት፣ የኢትዮጵያ ቤተ ክርስቲያን ጳጳስ የነበሩ ግብፃዊ ናቸው። ወደ ላስታ የመጡት እ.ኤ.አ. በ1205 ገደማ ሲሆን፣ አራት ዓመት ያህል ካገለገሉ በኋላ ከቤተ መንግሥቱ ጋር ተጣልተው ወደ ካይሮ ተመለሱ። እዚያም ክስ ቀርቦባቸው በእስክንድርያው ፓትርያርክ ከሥልጣናቸው ተሽረዋል። ታሪካቸው በዋናነት የሚገኘው «የእስክንድርያ ፓትርያርኮች ታሪክ» በተባለው የዐረብኛ መጽሐፍ ውስጥ ነው። ይህ ጽሑፍ የንጉሥ ላሊበላን፣ የንግሥት መስቀል ክብራንና የመናገሻ ከተማቸውን የአዳፋን ስም ስለሚጠቅስ፣ ስለ ዛጉዌ ዘመን ከውጭ አገር ከተገኙት ምስክርነቶች ሁሉ ዋነኛው ሆኖ ይቆጠራል። በዚህ ገጽ ያሉት ዓመቶች በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

የጵጵስናው ሥርዓት

በ4ኛው ክፍለ ዘመን ፍሬምናጦስ (አባ ሰላማ) ከእስክንድርያው ፓትርያርክ ከአትናቴዎስ እጅ ጵጵስና ከተቀበሉ ወዲህ፣ የኢትዮጵያ ጳጳስ ከግብፅ ይላክ ነበር። ለዚህም መሠረት ሆኖ ይጠቀስ የነበረው በኒቅያ ጉባኤ ስም የሚጠራ አንድ ቀኖና ነው። ቀኖናው ኢትዮጵያውያን ከራሳቸው ሊቃውንት መካከል ጳጳስ እንዳይሾሙ ይከለክላል። በኋላም «ፍትሐ ነገሥት» ውስጥ ገብቷል። የታሪክ ተመራማሪዎች ግን ቀኖናው በ325 የተደረገው ጉባኤ ውሳኔ ሳይሆን በኋላ ዘመን የተጨመረ መሆኑን ይናገራሉ።

በዚህ ሥርዓት መሠረት ጳጳስ ሲሞት ንጉሡ ሁለት ደጅ መጥናት ነበረበት። ለፓትርያርኩ ደብዳቤ ይልካል፤ ግብፅን ለሚገዛው ሱልጣን ደግሞ ገጸ በረከት ይልካል፤ ያለ ሱልጣኑ ፈቃድ ጳጳሱ ከአገር አይወጣምና። መልእክተኞቹ ደርሰው እስኪመለሱ ድረስ ብዙ ጊዜ ያልፋል። በዚያ መካከል ዲያቆንና ቄስ የሚሾም፣ ታቦት የሚባርክ አይኖርም። በላስታ ተራሮች ላይ አብያተ ክርስቲያናት ከዐለት ይፈለፈሉ በነበረበት ዘመን ይህ ቀላል ጉዳይ አልነበረም፤ ታቦት ካልገባበትና ካህን ካልተሾመለት ሕንፃው ብቻውን ቅዳሴ አይቀደስበትም።

ነገሥታቱ ይህን ችግር ለመፍታት ሞክረው ነበር። በ12ኛው ክፍለ ዘመን አንድ የኢትዮጵያ ንጉሥ የኤጲስ ቆጶሳት ቁጥር ከተለመደው በላይ ከፍ እንዲል ጠይቆ ነበር። በጊዜው የነበሩት ጳጳስም (እርሳቸውም ሚካኤል ይባሉ ስለነበር ከዚህኛው ጋር መምታታት የለባቸውም) ሆኑ ፓትርያርክ ገብርኤል (1131–1145) ጥያቄውን አልተቀበሉትም። ምክንያቱ ግልጽ ነበር። ኤጲስ ቆጶሳቱ ከበዙ ተሰብስበው የራሳቸውን ሊቀ ጳጳስ ለመሾም ይችላሉ፤ ያን ጊዜ ኢትዮጵያ ከእስክንድርያ ሥልጣን ትወጣለች።

ወደ ላስታ መምጣት

ኪል በናይል ወንዝ የራሺድ ቅርንጫፍ ዳር የምትገኘው የፉዋ ከተማ ኤጲስ ቆጶስ ነበሩ። ንጉሥ ላሊበላ አዲስ ጳጳስ እንዲላክላቸው በጠየቁ ጊዜ፣ 74ኛው ፓትርያርክ ዮሐንስ 6ኛ (1189–1216) እርሳቸውን መርጠው ሚካኤል በሚለው ስም ላኳቸው።

ጳጳሱ ሲደርሱ ንጉሡ፣ ሠራዊቱና ካህናቱ በታላቅ ክብር ተቀበሏቸው። አዳፋ የምትገኘው ከዛሬዋ የላሊበላ ከተማ አጠገብ፣ ከባሕር ወለል በላይ 2,500 ሜትር ያህል ከፍታ ባለው ደጋ ነው። ከናይል ዳር ሜዳ ለመጡት ጳጳስ አገሩም፣ ቋንቋውም፣ የቤተ መንግሥቱ ልማድም አዲስ ነበር።

የጠቡ መነሻ

በ1209 ገደማ አቡነ ሚካኤል ሳይታሰብ ካይሮ ደረሱ። ጳጳስ አንድ ጊዜ ወደ ኢትዮጵያ ከተላከ ዕድሜውን በዚያው መጨረሱ የተለመደ ስለነበር፣ ፓትርያርኩ ለምን እንደተመለሱ ጠየቋቸው።

አቡነ ሚካኤል የሰጡት መልስ በንግሥቲቱ ወንድም ላይ ያተኮረ ነበር። በዐረብኛው ጽሑፍ ኂሩን ተብሎ የተጠቀሰው ይህ ሰው በንግሥት መስቀል ክብራ አማላጅነት ኤጲስ ቆጶስ ሆኖ እንደተሾመ፣ ከዚያም የጳጳሱን ሥልጣን እየተጋፋ በመጨረሻ አገሩን ለቀው እንዲወጡ እንዳስገደዳቸው ተናገሩ።

ማጣራትና ፍርድ

ፓትርያርክ ዮሐንስ በአንድ ወገን ቃል ብቻ አልፈረዱም። ሙሴ የተባለ መልእክተኛ ወደ ንጉሥ ላሊበላ ልከው ጉዳዩ እንዲጣራ አደረጉ። መልእክተኛው ከአንድ ዓመት ያህል በኋላ ከንጉሡ ልዑክ ጋር ተመለሰ። የላስታው ልዑክ ለሱልጣን አል-ዓዲል፣ ማለትም ለታዋቂው የሳላሕ አድ-ዲን ወንድም፣ የዱር እንስሳትን ያካተተ ስጦታ ይዞ ነበር።

ንጉሡ ያቀረቡት ክስ ከሹመት ጭቅጭቅ እጅግ የከበደ ነበር። በአክሱም ካቴድራል የወርቅ በትር ጠፍቶ፣ አቡነ ሚካኤል የቤተ ክርስቲያኑን ዕቃ ቤት ጠባቂ በስርቆት ጠርጥረው አስደበደቡት፤ ሰውየውም በድብደባው ሞተ የሚል ነው። ስለዚህ በንጉሡ በኩል የተነገረው፣ ጳጳሱ ከአገር የወጡት በኂሩን ግፊት ሳይሆን በዚህ ደም ምክንያት መሆኑ ነው።

ፓትርያርኩ ጉዳዩን ከተመለከቱ በኋላ አቡነ ሚካኤልን ከማዕረጋቸው ሻሩ። በምትካቸውም ይስሐቅ የተባሉ መነኩሴ ተሹመው ወደ ኢትዮጵያ ተላኩ።

የሁለቱ ወገኖች ቃል

ታሪኩ የተጻፈው በግብፅ፣ ለግብፃውያን አንባቢዎች ነው። ቢሆንም ከእስክንድርያ በተላኩት ጳጳስ ላይ የቀረበውን ክስ አልደበቀም፤ ይህም ለምንጩ ተአማኒነት ይጨምርለታል። የተሿሚው የኂሩን ነገርና የዕቃ ቤት ጠባቂው ሞት እርስ በርሳቸው የሚቃረኑ አይደሉም፤ ሁለቱም ተፈጽመው ሊሆን ይችላል። እያንዳንዱ ወገን ለራሱ የሚጠቅመውን አስቀድሞ ተናግሯል።

የንግሥት መስቀል ክብራ ገጽታም በሁለቱ አገሮች ይለያያል። በጳጳሱ ክስ ውስጥ ለወንድሟ ሹመት የምታማልድ የቤተ መንግሥት ሰው ናት። በኢትዮጵያ ቤተ ክርስቲያን ግን እንደ ባሏ ሁሉ በቅድስና ትታሰባለች፤ የራሷ ገድልም አላት። በላሊበላ የሚገኘውን ቤተ አባ ሊባኖስ በመላእክት ርዳታ በአንዲት ሌሊት አሠራችው የሚል ትውፊትም ይነገራል።

ትርጉሙና ከዚያ በኋላ የሆነው

የአቡነ ሚካኤል ጉዳይ የሥርዓቱን ሁለት ገጽ በአንድነት ያሳያል። በአንድ በኩል፣ ንጉሥ ላሊበላ በዘመኑ ኃያል ቢሆኑም በአገራቸው ሰው ሞተ ብለው የከሰሱትን ጳጳስ በአገራቸው ሊያስሽሩ አልቻሉም፤ ፍርዱ በካይሮ ነበር። በሌላ በኩል፣ ፓትርያርኩ የሩቁን ንጉሥ ቃል ሰምተው ራሳቸው የሾሙትን ሰው ሽረዋል። የዛጉዌ ነገሥታት በዐለት ውስጥ ቤተ ክርስቲያን ማነጽ ቢችሉም፣ ጳጳስ የመሾሙ ሥልጣን ከእጃቸው ውጭ ነበር።

ይህ ሁኔታ ከዚያ በኋላ ከ700 ዓመት በላይ ቆየ። በ1929 ኢትዮጵያውያን መነኮሳት ለመጀመሪያ ጊዜ በእስክንድርያ መንበር ኤጲስ ቆጶስነት ተሾሙ። በ1948 ሁለቱ አብያተ ክርስቲያናት ስምምነት ካደረጉ በኋላ፣ በ1951 አቡነ ባስልዮስ የመጀመሪያው ኢትዮጵያዊ ሊቀ ጳጳስ ሆኑ። በ1959ም የመጀመሪያው የኢትዮጵያ ፓትርያርክ ተብለው ተሾሙ። ከዚያ ወዲህ በላሊበላም ሆነ በሌላው የአገሪቱ ክፍል ካህናትን የሚሾሙትና ታቦት የሚባርኩት በኢትዮጵያ ቤተ ክርስቲያን ራሷ የተሾሙ ጳጳሳት ናቸው።