ስለ መኪና ፖርቶመጋላ አመራረጥና አገጣጠም



አገራችን ሰፊና ተራራማ እንደ መሆኗ መጠን፣ ከአስፋልቱ ወጥቶ ወደ ገጠር የሚዘልቅ መንገደኛ የሚያስፈልገውን ሁሉ ከራሱ ጋር ይዞ መሄድ ግድ ይሆንበታል። ውሃው፣ ስንቁ፣ ድንኳኑ፣ ትርፍ ጎማውና የጥገናው መሣሪያ ተደምሮ የመኪናውን ሆድ ሲሞላው፣ ባለመኪናው ዐይኑን ወደ ጣራው ያነሣል። በጣራው ላይ የሚታሰረውና ሾፌሮቻችን ከጣሊያንኛ በተወረሰ ስም ፖርቶመጋላ የሚሉት የዕቃ መጫኛ ይህን ችግር ለማቃለል የተሠራ ነው። ነገር ግን በሚገባ ያልተመረጠና በሚገባ ያልተገጠመ ፖርቶመጋላ መኪና የሚገለብጥ፣ ጣራ የሚሰነጥቅ፣ ከዚያም አልፎ የሰው ሕይወት የሚያጠፋ ይሆናል። ስለዚህ በዛሬው ንግግራችን ዕድሜ በጠገቡ የገጠር መኪናዎች፣ በተለይም በላንድሮቨርና በላንድክሩዘር ላይ፣ ፖርቶመጋላ እንዴት እንደሚመረጥና እንዴት እንደሚገጠም እናስረዳለን።

አባቶቻችን አጋሰስ ሲጭኑ አስቀድመው የሚያዩት ጭነቱን ሳይሆን የአጋሰሱን ጀርባ ነው። ጀርባውን ዳብሰው ገጣባ እንደሌለው ካረጋገጡ በኋላ መደላድሉን አልብሰው ጭነቱን በግራና በቀኝ አመዛዝነው ያስሩታል። የመኪናም ነገር ከዚህ አይለይም። ፖርቶመጋላ ከመግዛት በፊት የመኪናውን ጣራ መመርመር ይገባል።

ላንድሮቨር ለመጀመሪያ ጊዜ ለሕዝብ የታየው በ1940 ዓ.ም.፣ ማለትም በአውሮፓውያን አቆጣጠር በ1948፣ በሆላንድ አገር በአምስተርዳም ከተማ ነው። በዚያን ጊዜ እንግሊዝ አገር ከጦርነቱ በኋላ ብረት በራሽን ይታደል ስለ ነበር፣ ፋብሪካው የመኪናውን አካል በአብዛኛው ከአሉሚኒየም ቅልቅል ሠራው። ጣራውም እንዲሁ ስስ የአሉሚኒየም ገጽ ነው። ከ1960 እስከ 1984 በአውሮፓውያን አቆጣጠር የተሠራው አጭሩ ላንድክሩዘር፣ ኤፍ.ጄ.40 የሚባለው፣ ጠንካራ ጣራ ያለው ዐይነት የጣራው ክዳን ፋይበርግላስ ነው። ከ1980 በኋላ የመጣው ባለ 60 ቁጥሩ ላንድክሩዘር ደግሞ ጣራው ብረት ቢሆንም፣ በጣራው ዳርና ዳር ያለው የዝናብ አሸንዳ በዝገት የሚበላ መሆኑ በሰፊው የታወቀ ነው። እንግዲህ ከእነዚህ ከሦስቱ አንዱም ቢሆን በጣራው መካከል ሸክም እንዲቀመጥበት የታሰበ አይደለም። ሸክሙን የሚችለው ጠርዙ፣ ይኸውም አሸንዳው ነው፤ አሸንዳው የተቀበለውን ክብደት በበሮቹ መካከል ወዳሉት ምሰሶዎች፣ ምሰሶዎቹም ወደ መኪናው ወለልና ወደ ሻንሲው ያወርዱታል። ስለዚህ ለአሮጌ መኪና የሚገዛ ፖርቶመጋላ እግሮቹ በአሸንዳው ላይ የሚቆሙ መሆን አለበት። ጣራውን በስቶ በቡሎን ማሰር ግን ውሃ ከማስገባቱም በላይ፣ ስሱ ገጽ በንዝረት ብዛት ከቀዳዳው ዙሪያ እንዲሰነጠቅ ያደርጋል።

አሁን ወደ ምርጫው እንለፍ። ብዙ ሰው ፖርቶመጋላ ሲመርጥ የሚመለከተው ርዝመቱንና ቁመናውን ነው። ብልህ ገዢ ግን አስቀድሞ የሚጠይቀው «ራሱ ስንት ኪሎ ይመዝናል?» ብሎ ነው። ምክንያቱም የመኪናው መምሪያ መጽሐፍ በጣራ ላይ እንዲጫን የሚፈቅደው ክብደት የፖርቶመጋላውን ክብደት ጨምሮ የሚቈጠር ነው። ለምሳሌ ያህል የተፈቀደው 100 ኪሎ ቢሆንና ከብረት ቱቦ የተበየደው ፖርቶመጋላ 60 ኪሎ ቢመዝን፣ ለዕቃ የሚተርፈው 40 ኪሎ ብቻ ነው። 20 ሊትር ውሃ የያዘ የብረት ጄሪካን ከነመያዣው ወደ 24 ኪሎ ስለሚጠጋ፣ በዚህ ፖርቶመጋላ ላይ ሁለት ጄሪካን እንኳ በደንቡ አይጫንም። 30 ኪሎ የሚመዝን የአሉሚኒየም ፖርቶመጋላ ቢሆን ግን 70 ኪሎ ይተርፍ ነበር። መጠኑ እኩል የሆነ አሉሚኒየም ከብረት ጋር ሲመዛዘን ሲሶውን ያህል ብቻ ስለሚከብድ፣ ቱቦው ወፈር ተደርጎ ቢሠራም እንኳ ልዩነቱ የሚታይ ነው።

ሆኖም ብረትም የራሱ ጥቅም አለው። ዋጋው ይቀላል፤ ቢሰበርም በየከተማው ያለ በያጅ ሊጠግነው ይችላል። አሉሚኒየም ግን ልዩ ብየዳ ስለሚሻ በገጠር ከተሰበረ የሚጠግነው አይገኝም። ስለዚህ ብረት የሚመርጥ ሰው ከጣራው በሙሉ ይልቅ የጣራውን ግማሽ ብቻ የሚሸፍን አጭርና ቀላል ፖርቶመጋላ ቢያሠራ ይሻለዋል። ሰፊ ቦታ ያገኘ ሰው ቦታውን ሳይሞላ አይቀርምና፣ ትንሽ ፖርቶመጋላ የባለቤቱንም ስስት ይቈጣጠራል። የእግሮቹም ቍጥር መታየት ያለበት ነው። ለአጭር መኪና በየጐኑ ሦስት፣ ለረጅሙ ላንድሮቨር በየጐኑ አራት እግር ቢኖር፣ ክብደቱ በአሸንዳው ላይ ተከፋፍሎ ያርፋል።

የክብደቱ ነገር ይህን ያህል የሚያሳስበው ስለ ምንድን ነው? ነገሩ በቍጥር ሲታይ ግልጽ ይሆናል። 2,000 ኪሎ የሚመዝንና የክብደቱ እምብርት ከመሬት 70 ሳንቲ ሜትር ከፍ ብሎ የሚገኝ መኪና አለ እንበል። በዚህ መኪና ጣራ ላይ፣ ከመሬት 2 ሜትር ከ10 ከፍታ፣ 100 ኪሎ ሲጫን የክብደቱ እምብርት ከ6 ሳንቲ ሜትር ተኩል በላይ ወደ ላይ ይወጣል። 200 ኪሎ ሲጫን ወደ 13 ሳንቲ ሜትር ግድም ይደርሳል። ይህ በሜዳ ላይ ጥቂት ይመስላል። ነገር ግን ከጎሐ ጽዮን ወደ አባይ ሸለቆ ሲወረድ፣ ወይም ከደባርቅ በሊማሊሞ ጥምዝምዝ መንገድ ሲታጠፍ፣ መኪናው ወደ ውጭ ሲያጋድል በውጭ በኩል ያለው ባሌስትራ ይጫናል፤ ጭነቱም ወደዚያው ጐን ይበልጥ ያዘነብላል፤ ማዘንበሉም ባሌስትራውን እንደ ገና ይጫነዋል። ባዶ ሆኖ በደኅና ያለፈው መኪና በዚያው ፍጥነት ተጭኖ ሲመጣ የሚገለበጠው በዚህ ምክንያት ነው። እንዲሁም ጎማው ጕድጓድ ውስጥ ሲወድቅ 100 ኪሎ የነበረው ጭነት ለአንድ ቅጽበት እንደ 200 ኪሎ ሆኖ አሸንዳውን ሊመታ ይችላል። የመምሪያው መጽሐፍ የጠፋበት ሰው በሻካራ መንገድ ከነፖርቶመጋላው ከ75 ኪሎ ባያሳልፍ የጥንቃቄ መንገድ ነው።

የአገጣጠሙ ሥርዓት እንደሚከተለው ነው።

አንደኛ፤ አሸንዳውን በውሃና በሳሙና አጥቦ ካደረቁ በኋላ ከዳር እስከ ዳር በካቻቢቴ ጫፍ ቀስ እያሉ መንካት ነው። ቀለሙ ያበጠበትና ብረቱ የሚሸራረፍበት ቦታ ከተገኘ፣ ዝገቱ ተፍቆና ተጠግኖ ጸረ ዝገት ቀለም ሳይቀባ ሥራው መቀጠል የለበትም። በበሰበሰ አሸንዳ ላይ የቆመ እግር በመጀመሪያው ሻካራ መንገድ ይነቀላልና።

ሁለተኛ፤ በእያንዳንዱ እግርና በአሸንዳው መካከል ጠንካራ የጎማ ቁራጭ ማግባት ነው። ይህ ቀለሙን ከመፋቅ ከመጠበቁም ሌላ የብረት እግር አሉሚኒየምን እንዳይነካው ይከላከላል። ብረትና አሉሚኒየም ተነካክተው ርጥበት ሲያገኛቸው እንደ ባትሪ ያለ የኤሌክትሪክ ሥራ በመካከላቸው ስለሚፈጠር፣ አሉሚኒየሙ እየተበላ ነጭ ዱቄት ይሆናል። ጨው ባለበት በአፋር ዝቅተኛ ምድር ይህ ጕዳት ይፋጠናል።

ሦስተኛ፤ እግሮቹን በተቻለ መጠን በምሰሶዎቹ አናት ላይ ማዋል ነው። ከዚያም ፖርቶመጋላው ቀጥ ብሎ መቀመጡን ለማወቅ ከፊት ግራ እስከ ኋላ ቀኝ፣ ከፊት ቀኝ እስከ ኋላ ግራ በገመድ መለካት ነው። ሁለቱ ልኮች እኩል ከሆኑ አልተጣመመም። ከወለሉ በታች እጅ የሚያሳልፍ ክፍተት መኖር አለበት። በአንዳንድ ላንድሮቨር ላይ ለፀሐይ መከላከያ ሁለተኛ ጣራ ስለሚደረብ፣ ለዚህ ዐይነቱ እግሩ ከፍ ያለ ይመረጣል። በሮቹ ሁሉ፣ የኋላውም ጭምር፣ ተከፍተው መፈተን አለባቸው።

አራተኛ፤ ቡሎኖቹን በአንድ ጊዜ ሳይሆን በየተራ፣ አንዱን ከፊት ግራ ሌላውን ከኋላ ቀኝ፣ ጥቂት ጥቂት እያሉ ማጥበቅ ነው። ከእያንዳንዱ ዳዶ በታች የማያላላ ሮንዴላ ይግባ። ከጠበቀ በኋላ በዳዶውና በእግሩ ላይ አንድ የቀለም መሥመር ቢሰመር፣ መሥመሩ ሲዛነፍ ዳዶው መላላቱ ከሩቅ ይታያል። ከ50 ኪሎ ሜትር ጕዞ በኋላ እንደ ገና ማጥበቅ፣ በጠጠር መንገድም በየማለዳው መመልከት ያስፈልጋል።

ስለ አጫጫን ደግሞ ደንቡ አጭር ነው፤ ከባዱ በመኪናው ሆድ፣ ቀላሉ በጣራው። ፍራሽ፣ ድንኳን፣ ሸራና ባዶ ሣጥን ወደ ላይ ይውጡ። ውሃ፣ ክሪክና የመለዋወጫ ብረታ ብረት ወደ ታች ይውረዱ። ቤንዚን በጣራ ላይ ማኖር የሚመከር አይደለም። የግድ ከሆነ ግን ጄሪካኑ እስከ አፉ መሞላት የለበትም፤ በደጋው ብርድ የተሞላ 20 ሊትር ቤንዚን በቆላ 30 ዲግሪ ያህል ሲሞቅ ከግማሽ ሊትር በላይ ይጨምራልና። ጭነቱም ከተጫነ በኋላ የመኪናውን ጠቅላላ ከፍታ ለክቶ በሾፌሩ ፊት ጽፎ መለጠፍ ከበር መቃንና ከዛፍ ቅርንጫፍ ጋር ከመላተም ያድናል።

በመጨረሻ ከሁሉ የሚበልጠውን ነገር እናሳስባለን። ፖርቶመጋላ የዕቃ እንጂ የሰው ቦታ አይደለም። በገጠር መንገድ ትራንስፖርት ያጣ ሰው «ከላይም ቢሆን ልውጣ» ብሎ ሲለምን ሾፌሩ አዝኖለት እሺ ይላል። ነገር ግን ሁለት ሰው ብቻ ወጥቶ ቢቀመጥ ከ120 ኪሎ የማያንስ ክብደት፣ ያውም የማይታሰርና የሚንቀሳቀስ ክብደት፣ በጣራው ላይ ተጨመረ ማለት ነው። ሾፌሩ ፍሬን በድንገት ሲይዝ ዕቃውን ገመድ ይይዘዋል፤ ሰውየውን ግን የሚይዘው የለም። መኪናውም ሲገለበጥ ከላይ ያለው ሰው ከሥር ይሆናል። እንዲህ ያለው ርኅራኄ ርኅራኄ አይደለምና፣ ሾፌሮች እንቢ ማለትን፣ ተሳፋሪዎችም እንቢታውን በበጎ መቀበልን ሊለምዱ ይገባል።

እንግዲህ አሮጌ መኪና ያለው ሁሉ መኪናው የሚችለውን ዐውቆ ቢጭን፣ የጫነውንም በየማለዳው ቢመረምር፣ መኪናው ገና ብዙ ዘመን ያገለግለዋል፤ «ሳይቃጠል በቅጠል» እንዲሉ፣ አንድ የላላ ዳዶ በጊዜው ማጥበቅ ደቂቃ እንኳ አይፈጅም። መንገዳችሁን የቀና ያድርግላችሁ።