በካምፓላ መምህር ለመሆን፦ ከማመልከቻው እስከ ምዝገባው ያለው መንገድ

ከካምፓላው ኢንዱስትሪያል ኤሪያ ተነስቶ በጂንጃ መንገድ ወደ ምሥራቅ የሚጓዝ ሰው መጋዘኖቹን፣ የሳሙናና የዘይት ፋብሪካዎቹን፣ በቁጥር የሚጠሩትን ጎዳናዎች ወደ ኋላ ትቶ ናካዋን ሲያልፍ በስተግራው አንድ ኮረብታ ያገኛል። በጽሑፍ ኪያምቦጎ ይባላል። የታክሲ ረዳቶች ሲጠሩት ግን የሚሰማው “ቻምቦጎ” ነው፤ በሉጋንዳ ቋንቋ የሁለቱ ፊደላት ድምፅ እንዲያ ስለሚነበብ። ስሙን በጽሑፍ ብቻ የሚያውቅ እንግዳ ታክሲው ሲያልፈው ቢቀር አይፈረድበትም።

በኡጋንዳ መምህር ለመሆን የሚያስብ ሰው ጉዳዩ የሚያዘው በአብዛኛው በዚህ አካባቢ ነው። ኪያምቦጎ ዩኒቨርሲቲ እዚያ ይገኛል። የትኛው ዩኒቨርሲቲ ምን ማስተማር እንደሚችል የሚወስነውና ከውጭ አገር የመጡ ዲግሪዎችን የሚመዝነው ብሔራዊ የከፍተኛ ትምህርት ምክር ቤትም እዚያው ኮረብታ ላይ ነው። የሁለተኛ ደረጃ የምስክር ወረቀቶችን የሚመረምረው የኡጋንዳ ብሔራዊ ፈተናዎች ቦርድ በኪያምቦጎና በአጎራባቹ ንቲንዳ ቢሮዎች አሉት።

ዩኒቨርሲቲው በአሁኑ መልኩ የተቋቋመው እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ2003 ነው (የተለየ ካልተገለጸ በቀር በዚህ ጽሑፍ ያሉት ዓመታት በዚሁ አቆጣጠር ናቸው)። ሦስት ተቋማት፣ ማለትም የፖሊቴክኒኩ፣ የመምህራን ትምህርት ኢንስቲትዩቱና የልዩ ፍላጎት ትምህርት ኢንስቲትዩቱ ተዋሕደው ነው የተፈጠረው። የመምህራን ማሠልጠኛው ታሪክ ግን ወደ 1948 ይመለሳል፤ በምዕራብ ኡጋንዳ በንያካሱራ ተጀምሮ ኋላ ወደ ኮረብታው ተዛወረ።

ዲግሪ የግድ የሆነበት ዘመን

ለረጅም ዓመታት በኡጋንዳ የማስተማር ሙያ በሦስት እርከን የተደራጀ ነበር። አራት ዓመት የሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ያጠናቀቀ ሰው በመምህራን ኮሌጅ ሁለት ዓመት ሠልጥኖ “ግሬድ ሦስት” የሚባለውን የምስክር ወረቀት ይይዝና በአንደኛ ደረጃ ያስተምራል። ስድስት ዓመቱን የጨረሰ ደግሞ በብሔራዊ የመምህራን ኮሌጅ በዲፕሎማ ተመርቆ “ግሬድ አምስት” ይሆናል። ከዚያ በላይ ያለው የዲግሪ መምህር ነው።

በ2019 የጸደቀው ብሔራዊ የመምህራን ፖሊሲ ይህን አሠራር ከሥሩ ለወጠው። ከቅድመ መደበኛ ጀምሮ በየትኛውም ደረጃ የሚያስተምር ሰው ቢያንስ የመጀመሪያ ዲግሪ ሊኖረው ይገባል የሚል መነሻ አስቀመጠ። አምስቱ ብሔራዊ ኮሌጆች፣ ካባሌ፣ ካሊሮ፣ ሙቤንዴ፣ ሙኒና ኡንያማ፣ በአዲሱ የኡጋንዳ ብሔራዊ የመምህራን ትምህርት ኢንስቲትዩት ሥር እንዲጠቃለሉ ተደረገ።

ለውጡ ለዜጎቹ ራሱ ቀላል አልሆነም። በወር ግማሽ ሚሊዮን ሽልንግ ገደማ የሚከፈለው የአንደኛ ደረጃ መምህር የዲግሪ ክፍያ ከየት ያመጣል የሚለው ጥያቄ እስካሁን በየመምህራን ማረፊያ ክፍሉ የሚነሳ ነው። ከውጭ ለሚመጣ አመልካች ግን መልእክቱ ግልጽ ነው፦ በአጭር ሥልጠና መምህር የመሆን ዕድል እየጠበበ በመሆኑ ማመልከቻው ለዲግሪ ወይም ከዲግሪ በኋላ ለሚሰጥ ዲፕሎማ ቢሆን ይመረጣል።

በየትኛው በር መግባት ይቻላል?

የመጀመሪያው በር በቀጥታ ከሁለተኛ ደረጃ የሚገቡበት ነው። በማጠናቀቂያው ፈተና ቢያንስ ሁለት ዋና ትምህርቶችን በአንድ ጊዜ ማለፍን ይጠይቃል። ከዚያ በኋላ ያለው ውድድር በነጥብ ነው። ኤ 6 ነጥብ፣ ቢ 5፣ ሲ 4፣ ዲ 3፣ ኢ 2 ይይዛሉ። ዩኒቨርሲቲው ለየትምህርት ክፍሉ “አስፈላጊ” ያላቸውን ትምህርቶች በ3፣ “ተዛማጅ” የሚላቸውን በ2፣ “ተፈላጊ” የሚላቸውን በ1 ያባዛል። ታሪክና ጂኦግራፊ ማስተማር የሚፈልግ ተማሪ በታሪክ ቢ፣ በጂኦግራፊ ሲ፣ በኢኮኖሚክስ ዲ ቢያመጣና ሦስተኛው ተዛማጅ ተብሎ ቢመደብለት 15 እና 12 እና 6፣ በድምሩ 33 ይሆናል። ሴት አመልካቾች በመንግሥት ዩኒቨርሲቲዎች ተጨማሪ 1.5 ነጥብ ያገኛሉ። ከዚህ ስሌት የሚገኘው ትምህርት አንድ ነው፤ ለማስተማር ያሰቡት ትምህርትና ከፍተኛ ውጤት ያመጡበት ትምህርት ካልገጠሙ ጥሩ ተማሪም ሊወድቅ ይችላል።

ሁለተኛው በር በዲፕሎማ፣ ሦስተኛው ደግሞ ዕድሜያቸው 25 ዓመትና ከዚያ በላይ ለሆኑ በመግቢያ ፈተና ነው።

ብዙ ኢትዮጵያውያንንና ኤርትራውያንን የሚመለከተው ግን አራተኛው ነው፦ በሌላ ሙያ ዲግሪ ያለው ሰው የሚማረው የድኅረ ምረቃ የትምህርት ዲፕሎማ። ኢትዮጵያ ውስጥ ፒ.ጂ.ዲ.ቲ. በሚል ስም ለሁለተኛ ደረጃ መምህራን ከሚሰጠው ጋር የሚመሳሰል ነው። የትምህርት ሥነ ልቦናን፣ የማስተማር ዘዴንና በትምህርት ቤት ውስጥ የሚደረግ ልምምድን ያካትታል። እዚህ ላይ የሚያሰናክለው ጉዳይ፣ ዲግሪው በኡጋንዳ ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤቶች ከሚሰጡ ትምህርቶች ጋር የሚገናኝ መሆን ያለበት መሆኑ ነው። ፊዚክስና ሒሳብ ያጠና ሰው አይቸገርም። በአማርኛ ቋንቋና ሥነ ጽሑፍ የተመረቀ ግን፣ አማርኛ በኡጋንዳ ሥርዓተ ትምህርት ውስጥ ስለሌለ፣ ዲግሪው ምንም ያህል ጥሩ ቢሆን የሚያስተምረው ትምህርት ላይኖረው ይችላል።

ከማመልከቻው የሚቀድመው የአቻ ግምት

ከውጭ የመጡ አመልካቾች አዘውትረው የሚዘገዩት እዚህ ነው። ዩኒቨርሲቲው የኢትዮጵያን የምስክር ወረቀት ራሱ አይተረጉምም። የሁለተኛ ደረጃ ውጤት ወደ ፈተናዎች ቦርዱ፣ የኮሌጅና የዩኒቨርሲቲ ማስረጃ ደግሞ ወደ ከፍተኛ ትምህርት ምክር ቤቱ ሄዶ “ይህ በእኛ አገር ከዚህ ጋር አቻ ነው” የሚል ደብዳቤ ሊያገኝ ይገባል። የማመልከቻው መዝጊያ ቀን ደግሞ ለማንም አይጠብቅም። ስለዚህ ደብዳቤው ቅጹ ከመሞላቱ ከወራት በፊት መጀመር ያለበት ሥራ ነው።

ምዘናው ለምን ቀላል እንዳልሆነ ለመረዳት የሁለቱን አገሮች ሥርዓት ማየት ያስፈልጋል። ኡጋንዳ ውስጥ ተማሪ ሰባት ዓመት አንደኛ ደረጃ፣ አራት ዓመት መለስተኛ፣ ሁለት ዓመት ከፍተኛ ሁለተኛ ደረጃ፣ በድምሩ 13 ዓመት ይማራል፤ በመጨረሻዎቹ ሁለት እርከኖች መዝጊያም ብሔራዊ ፈተና አለ። የኢትዮጵያው 12 ዓመት ነው። በዚያ ላይ የ10ኛ ክፍል ብሔራዊ ፈተና ከ2012 ዓ.ም. ወዲህ ቀርቷል። የኡጋንዳ የማመልከቻ ቅጽ የሁለቱንም ፈተናዎች ውጤት የሚጠይቅ በመሆኑ፣ ከዚያ ወዲህ ትምህርቱን የጨረሰ ኢትዮጵያዊ አንደኛውን ሳጥን የሚሞላበት ወረቀት የለውም። የአቻ ግምት ደብዳቤው የ12ኛ ክፍል ውጤቱ በየትኛው ደረጃ እንደተመዘነ በግልጽ የሚናገር መሆኑን ማረጋገጥ የአመልካቹ ፋንታ ነው።

የዩኒቨርሲቲ ምሩቃን የሚገጥማቸው ሌላ ነው። በኢትዮጵያ መንግሥታዊ ዩኒቨርሲቲ የተማረ ሰው የወጪ መጋራት ዕዳውን ሳይከፍል ወይም ግዴታውን ሳይወጣ ዋናውን ዲግሪና ኦፊሻል ትራንስክሪፕቱን ማግኘት ይቸግረዋል። ጊዜያዊ የምስክር ወረቀት ይዞ ድንበር የተሻገረ ሰው ካምፓላ ሲደርስ ዋናው ሲጠየቅ ሌላ ሰው ወክሎ አዲስ አበባ፣ ባሕር ዳር ወይም ጅማ ጉዳይ ማስፈጸም ይኖርበታል። ከአገር ከመውጣት በፊት ሊጨርሱት የሚገባ ጉዳይ ቢኖር ይኸው ነው።

ስምና ዓመት

ሁለቱ ጥቃቅን የሚመስሉ ነገሮች የብዙ ማመልከቻ ማነቆ ናቸው።

አንደኛው ስም ነው። እኛ የቤተሰብ ስም የለንም፤ ያለን የራስ፣ የአባትና የአያት ስም ነው። የኡጋንዳው ቅጽ ግን የቤተሰብ ስም የሚል ሳጥን አለው። አንዱ የአባቱን፣ ሌላው የአያቱን ይጽፍበታል፤ ያው ሰው በፓስፖርቱ ላይ አንድ ዓይነት፣ በስደተኛ መታወቂያው ላይ ሌላ ዓይነት ሆኖ ይገኛል። የላቲኑ አጻጻፍ ሲጨመርበት፣ ጸሐይ የሚለው ስም ብቻ በሦስት ሰነድ በሦስት መልክ ሊጻፍ ይችላል። ለመዝገብ ቤቱ ሠራተኛ እነዚህ ሦስት ሰዎች ናቸው። በኡጋንዳ ሕግ መሠረት እንዲህ ያለው ልዩነት ቃለ መሐላ በማስፈጸም ሥልጣን ባለው ጠበቃ ፊት በሚፈረም የመሐላ ሰነድ ይስተካከላል። ይሻላል የምንለው ግን ከመጀመሪያው በዩኒቨርሲቲ የምስክር ወረቀቱ ላይ ባለው አጻጻፍ ሁሉንም መሙላት ነው፤ ወደ ኋላ ሄዶ ለማስቀየር ከሁሉ የሚያስቸግረው እርሱ ነውና።

ሁለተኛው የዘመን አቆጣጠር ነው። በ2009 ዓ.ም. ትምህርቱን የጨረሰ ሰው በፈረንጆቹ በ2017 ነው የጨረሰው። ምስክር ወረቀቱ አንዱን፣ ትራንስክሪፕቱ ሌላውን ይዞ ከቀረበ ስምንት ዓመት የት ጠፋ የሚል ጥያቄ ይነሳል፤ የልደት ዓመት ሲሆን ደግሞ ሰነዱ የሌላ ሰው ነው የሚል ጥርጣሬ ላይ ሊያደርስ ይችላል። ከማስረጃው ጋር የሁለቱን አቆጣጠሮች ልዩነት የሚያብራራ የተረጋገጠ ትርጉም ማያያዝ ብዙ ምልልስ ያስቀራል።

ክፍያና የስደተኞች ጉዳይ

ኢትዮጵያ የምሥራቅ አፍሪካ ማኅበረሰብ አባል ስላልሆነች፣ የኬንያ ወይም የደቡብ ሱዳን ተማሪ የሚያገኘው የዜጋ ዋጋ ለኢትዮጵያዊ በራሱ የሚገኝ መብት አይደለም። የዓለም አቀፍ ተማሪ ክፍያው ላቅ ይላል፤ የተማሪ የመኖሪያ ፈቃድም ከኢሚግሬሽን ማውጣት ያስፈልጋል።

ኡጋንዳ ከ1.7 ሚሊዮን በላይ ስደተኞችን የምታስተናግድ፣ በዚህም በአፍሪካ ቀዳሚ የሆነች አገር ናት። የ2006ቱ የስደተኞች ሕጓ ለስደተኞች የመማርና የመሥራት መብት ይሰጣል። ይሁን እንጂ ስደተኛ በዜጋ ወይስ በውጭ ዜጋ ዋጋ ይከፍላል የሚለው ከተቋም ተቋም ስለሚለያይ መልሱን ከመመዝገብ በፊት በጽሑፍ መቀበል ተገቢ ነው። ከ1992 ጀምሮ ለስደተኞች የዩኒቨርሲቲ ወጪን የሚሸፍነው፣ በተለምዶ ዳፊ የሚባለው የጀርመን መንግሥት የነፃ ትምህርት ዕድልም በኡጋንዳ ይሠራል፤ ቦታው ውስን፣ አመልካቹ ብዙ ነው።

ኢትዮጵያውያን በብዛት ከሚኖሩባቸው ከካባላጋላና ከካንሳንጋ ሳይርቁ መማር ለሚፈልጉ በአቅራቢያቸው የግል ዩኒቨርሲቲዎች አሉ። በእነዚህም ሆነ በመንግሥት ተቋማት አንድ ነገር መታየት አለበት፤ ዩኒቨርሲቲው ዕውቅና ያለው መሆኑ ብቻ በቂ አይደለም፣ የሚማሩበት መርሃ ግብር ራሱ በምክር ቤቱ የጸደቀ መሆን አለበት። በ2023 የበርካታ መርሃ ግብሮች የዕውቅና ጊዜ ማለፉን የሚያሳይ ዝርዝር በምክር ቤቱ ድረ ገጽ ላይ መታየቱ በአገሪቱ ትልቅ ውዝግብ አስነስቶ ነበር።

ዲግሪው ፈቃድ አይደለም

ተመርቆ ካባ የለበሰ ሰው ገና መምህር አልሆነም። በ2008 የወጣው የኡጋንዳ የትምህርት ሕግ በትምህርት ሚኒስቴር ያልተመዘገበ ወይም ፈቃድ ያልተሰጠው ሰው እንዳያስተምር ይከለክላል። ምዝገባው ዲግሪውን፣ ትራንስክሪፕቱንና የቀደሙትን ማስረጃዎች ሁሉ መልሶ ይጠይቃል። በሌላ አነጋገር በስምና በዓመት ላይ የነበረው ስንጥቅ እዚያም ይከተላል። ስደተኛ ያልሆነ የውጭ ዜጋ ከዚህ ሌላ የሥራ ፈቃድ ያስፈልገዋል።

የትምህርት ዓይነት ምርጫው ኋላ በደመወዝም ይመነዘራል። ከሐምሌ 2022 ጀምሮ በመንግሥት ትምህርት ቤት የሚያስተምር የዲግሪ የሳይንስ መምህር ወርኃዊ ደመወዝ ወደ 4 ሚሊዮን ሽልንግ ሲያድግ፣ የታሪክና የቋንቋ መምህሩ ወደ አንድ ሚሊዮን ገደማ ላይ ቀረ። መምህራኑ በዚያው ዓመት ሰኔ ላይ ሥራ ያቆሙትም በዚህ ነበር። የውጭ ዜጎች በአብዛኛው የሚቀጠሩት በግል ትምህርት ቤቶች ስለሆነ ይህ እርከን በቀጥታ አይመለከታቸውም፤ ሆኖም የትኛው መምህር ተፈላጊ እንደሆነ ያሳያል።

ትምህርቱን በካምፓላ ጨርሶ ወደ ኢትዮጵያ ለሚመለስ ደግሞ ጉዞው በተቃራኒው ይደገማል። በዚህ ጊዜ የአቻ ግምቱን የሚሰጠው አዲስ አበባ የሚገኘው የትምህርትና ሥልጠና ባለሥልጣን ነው። ዲግሪውን ብቻ ሳይሆን መጀመሪያ ወደ ኪያምቦጎ ይዘውት የሄዱትን የ12ኛ ክፍል ማስረጃም ማሳየት ሊያስፈልግ ስለሚችል፣ ዋናው ቅጂ በየትኛውም ቢሮ ተትቶ መቅረት የለበትም።