የሽማግሌን ቃል ጠይቆ ለጽሑፍ ስለ ማዋል

በሀገራችን ስለ ትናንቱ ኑሮ ብዙው ነገር የሚገኘው ከመጽሐፍ ሳይሆን ከሰው አፍ ነው። ስለዚህ ተማሪ ጽሑፉን በሽማግሌ ቃል ላይ ቢመሠርት አያስደንቅም። በ1943 ዓ.ም. የተከፈተው የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ኮሌጅ ተማሪዎችም የሕዝብን ልማድ የሚያጠና ማኅበር አቋቁመው፥ የሰበሰቡትን በመጽሔት ያወጡ ነበር፤ የመጀመሪያው ቁጥር የታተመው በፈረንጆች አቆጣጠር በ1953 ነው። ልማዱ የቆየ ቢሆንም፥ ቃሉ ከተናጋሪው አፍ ተነሥቶ እስከ ታተመው ገጽ ድረስ ምን እንደሚደርስበት እምብዛም አንነጋገርም። እኛም በዕረፍታችን ወራት በአዲስ ዓለም፥ በጊንጪ፥ በአምቦና በጉደር ስንጠይቅ ካየነው ተነሥተን ይህንኑ ለማስረዳት እንሞክራለን።

መጀመሪያ የአጠያየቅ ነገር አለ። አዎን ወይም አይደለም የሚያሰኝ ጥያቄ የጠያቂውን አሳብ ለራሱ ለጠያቂው ይመልስለታል። በአዲስ ዓለም፥ «ዳግማዊ ምኒልክ ይህን ቦታ ዋና ከተማ ሊያደርጉት አስበው አልነበረምን?» ብንል፥ የምናገኘው መልስ «አዎን» ብቻ ነው፤ እርሱንም አስቀድመን ከመጽሐፍ አንብበነዋል። «ዛሬ የማርያም ቤተ ክርስቲያን ባለበት ቦታ አስቀድሞ ምን ነበር?» ብንል ግን፥ ሽማግሌው ስለ ቀድሞው ስም ስለ ኤጄሬ፥ ስለ ተጀመረው ቤተ መንግሥትና ቤቱ ለቤተ ክርስቲያን ስለ መዋሉ፥ ከአባታቸው የሰሙትን በየተራ ሊነግሩን ይችላሉ።

ሁለተኛው የቋንቋ ነገር ነው። በምዕራብ ሸዋ የብዙው ሕዝብ ቋንቋ ኦሮምኛ ሲሆን፥ እኛ የምንጽፈው በአማርኛ ነው። በአምቦ አጠገብ አንዲት እናት፥ ከመሬት አዋጅ በፊት ስለ ነበረው የጭሰኛ ኑሮ ጠይቀናቸው ብዙ ደቂቃ ተናገሩ። አስተርጓሚያችን ግን፥ «ኑሮው ደኅና ነበር ይላሉ» ብሎ ዘጋው። ድምፃቸውን ቀርጸን ስለ ነበር፥ ስንመለስ ኦሮምኛ አፍ መፍቻው ለሆነ ጓደኛችን አሰማነው። እናቲቱ የተናገሩት ከእህሉ እኩሌታው ለባለ መሬቱ ይሄድ እንደ ነበር፥ በክረምትም ልጆቻቸው ይራቡ እንደ ነበር ነው። ወጣቱ አስተርጓሚ የዚያው ባለ መሬት የልጅ ልጅ መሆኑን የሰማነው በኋላ ነው። ክፉ ሰው ነው አንልም፤ የአያቱ ነገር በእንግዳ ፊት ሲነሣ አፍሮ ይሆናል። ይሁን እንጂ የእርሱን ቃል ጽፈን ቢሆን ኖሮ፥ የካቲት 25 ቀን 1967 ዓ.ም. የታወጀው የገጠር መሬት አዋጅ ለእኒህ እናት ምን ማለት እንደ ነበር በሐሰት እንመሰክር ነበር። ስለዚህ አስተርጓሚው ከነገሩ ጋር ያለውን ዝምድና አስቀድሞ ማወቅ፥ ቃሉንም በተነገረበት ቋንቋ መያዝ ይገባል።

ሦስተኛው የዘመን ቆጠራ ነው። ሽማግሌ የሚቈጥረው በቁጥር ሳይሆን በነገር ነው፤ ጣልያን የገባ ጊዜ (1928)፥ የዕድገት በኅብረት ዘማቾች የመጡ ጊዜ (1967) ይላል። የገዳን ሥርዓት የሚያውቅም በስምንት በስምንት ዓመት ይከፍለዋል። የጉደር አንድ አባት፥ «አዋጁ ሲነገር ከብት ጠባቂ ነበርሁ» ቢሉን እኛ «የ12 ዓመት ልጅ ነበሩ» ብለን ጻፍን። ስናነብላቸው፥ «ልጆቼ፥ አሥራ ሁለቱን ማን ቈጠረልኝ?» አሉን፤ አፈርንም። የቦታ ስምም እንደዚሁ ነው። አምቦ ሀገረ ሕይወት ትባል እንደ ነበር፥ የጅባትና ሜጫ አውራጃ ዋና ከተማም እንደ ነበረች የማያውቅ አንባቢ፥ ሁለት ከተማ የተነገረው ሊመስለው ይችላል። እንግዲህ የተናጋሪውን ቃል እንዳለ መጻፍ፥ የእኛን ስሌትና ማብራሪያ ደግሞ ለይቶ ማስቀመጥ ነው።

አራተኛውና የመጨረሻው መልሶ ማንበብ ነው። ወደ እኒያ እናት ሌላ አስተርጓሚ ይዘን ተመልሰን፥ የተስተካከለውን ጽሑፍ አነበብንላቸው። ጥቂት ዝም ብለው፥ «ልክ ነው፥ ይጻፍ። ስሜ ግን ይቅር፤ እናንተ ነገ ትሄዳላችሁ፥ እኔ ከነዚህ ሰዎች ጋር ውኃ እቀዳለሁ» አሉን። በዚህ ጽሑፍ ስማቸውንም ቀበሌያቸውንም ያልጠቀስነው ስለዚሁ ነው። ስም መጥራት ለምርምር ማስረጃ መሆኑን መምህራኖቻችን ያስተምሩናል፤ እውነትም ነው። ነገር ግን ማስረጃው የሚጠቅመው ጸሐፊውን፥ ጉዳቱ የሚያገኘው ተናጋሪውን ሲሆን፥ ፈቃጁ ተናጋሪው መሆን አለበት። ሙሉው ስም በጠያቂው ደብተር ተጠብቆ፥ በጽሑፉ ግን «አንዲት የአምቦ አካባቢ ገበሬ» ቢባል በቂ ነው።

በአጭሩ፥ ቃል እንደ አደራ ዕቃ ነው፤ የተቀበለ ሰው ሳያጎድልና ሳይጨምር ማድረስ አለበት። እኛ ሁለት ጊዜ ተሳስተን ሁለቱንም ጊዜ ያረምነው ተመልሰን በመሄዳችን ነው። መንገዱ ከአዲስ አበባ እስከ አምቦ 115 ኪሎ ሜትር ያህል ነው፤ ለአንድ ትክክለኛ ዐረፍተ ነገር ሲባል ግን ሩቅ አይደለም። በዚህ ጽሑፍም ስሕተት ያገኘብን አንባቢ ቢኖር እንዲያርመን በትሕትና እንለምናለን።