ስለ እህል ጭነትና ስለ አጓጓዡ ኃላፊነት

ገበሬ ዓመት ሙሉ የደከመበትን እህል በካሚዮን ላይ በጫነ ጊዜ ሀብቱን ለሌላ ሰው አደራ መስጠቱ ነው። በመንገድ ዝናም ቢመታው፥ ጆንያው ቢጎድል፥ ወይም መኪናው ቢገለበጥ ከፋዩ ማን እንደሆነ አስቀድሞ ካልታወቀ፥ ጉዳቱ በመጨረሻ የሚወድቀው በደካማው ላይ ነው።

በቀድሞው ዘመን በአጋሰስና በግመል የሚነግድ ሲራራ ነጋዴ አብዛኛውን ጊዜ ከጭነቱ ጋራ አብሮ ስለሚጓዝ ዕቃውን ራሱ ይጠብቅ ነበር። ዛሬ ግን ባለእህሉ በቀዬው ቀርቶ እህሉ ብቻውን ይሄዳል። ስለዚህ ዓይን ሊጠብቀው ያልቻለውን ውልና ሕግ ይጠብቀው ዘንድ የተገባ ነው።

በ1952 ዓ/ም የወጣው የንግድ ሕግ ስለ አጓጓዦች ደንግጎ ነበር፤ በ1999 ዓ/ም ደግሞ ዕቃን በየብስ ስለማጓጓዝ አዋጅ ቍጥር 547 ታወጀ። የነገሩ ሥር ይህ ነው፤ አጓጓዡ ዕቃውን ከተረከበበት ሰዓት ጀምሮ ለተቀባዩ እስኪያስረክብ ድረስ ለሚደርሰው መጥፋትና መበላሸት ኃላፊ ነው። በሥራው ላይ ያለው ሾፌር ያጠፋውም እንደ አጓጓዡ ጥፋት ይቈጠራል። ነገር ግን ጉዳቱ የደረሰው በላኪው ጥፋት፥ በዕቃው በራሱ ጠባይ፥ ወይም ከዓቅም በላይ በሆነ ኃይል መሆኑን ያስረዳ እንደሆነ ይድናል። እርጥብ በቆሎ በጆንያ ታጭቆ ቢሻግት ይህ ክርክር መነሣቱ አይቀርምና፥ እህሉን በሚገባ ሳያደርቁ መጫን ራስን መጉዳት ነው።

ዋናው ማስረጃ የጭነት ሰነድ ነው። 50 ኩንታል ጤፍ ተጭኖ 46 ቢደርስ፥ ቍጥሩና ሚዛኑ የተጻፈበት ሰነድ በእጁ ያለ ሰው የ4ቱን ኩንታል ዋጋ ለመጠየቅ ጽኑ መሠረት አለው፤ ሰነድ የሌለው ግን ምስክር ሲፈልግ ይንከራተታል።

ስለ ኢንሹራንስም ብዙ ሰው የሚሳሳትበት ነገር አለ። በ2005 ዓ/ም የወጣው አዋጅ ቍጥር 799 ባለመኪናው የሦስተኛ ወገን ኢንሹራንስ እንዲገባ ያስገድዳል፤ ኢንሹራንስ የሌለው ወይም ያልታወቀ መኪና ሰው ቢገድል ወይም ቢያቈስል ካሣ የሚከፈልበት ፈንድም አለ። ነገር ግን ይህ የታሰበው መኪናው በመንገድ ለሚጎዳቸው ሰዎችና ለንብረታቸው ነው። የተጫነውን እህል የሚጠብቀው የጭነት ኢንሹራንስ ሌላ ውል ነው። በመስታወት ላይ የተለጠፈውን ወረቀት አይቶ "እህሌ ዋስትና አለው" ማለት ከንቱ ተስፋ ነው።

ስለዚህ በየወረዳው ያሉ የግብርና ሹማምንት ለገበሬውና ለኅብረት ሥራ ማኅበራቱ እንዲህ ብለው ማስተማር ይገባቸዋል፤ ከመጫን በፊት እህሉ ይመዘን፤ ሰነዱ በሁለቱም ወገን ተፈርሞ አንዱ ቅጂ በላኪው እጅ ይቅር፤ የጭነት ኢንሹራንስ መኖሩ ተጠይቆ በጽሑፍ ይረጋገጥ፤ በማራገፊያውም ጆንያው በሾፌሩ ፊት ተቈጥሮ ጉድለቱ ወዲያው ይጻፍ። ይህ ሁሉ የሚወስደው ጊዜ ጥቂት ነው፤ የሚያድነው ግን የአንድ ቤተ ሰብ የዓመት ቀለብ ነው።