ሐኪሙና ነርሷ በሐሳብ ሲለያዩ አስታማሚው ምን ያድርግ?

በወረርሽኝ ጊዜ ሐኪሙ ያዘዘውን ነርሷ ስትቃወም የሚሰማ አስታማሚ መደንገጡ አይቀርም። «እነርሱ ካልተስማሙ በሽተኛዬን ለማን ልተወው?» ብሎ ወደ ቤት ሊመልሰው የሚያስብም አለ። ሆኖም እንዲህ ያለው ልዩነት አብዛኛውን ጊዜ ሕመምተኛውን ከስሕተት ይጠብቃል።

ለምሳሌ በኮቪድ-19 የታመሙ አንድ አዛውንት ከደባርቅ ወደ ጎንደር ተልከዋል እንበል። ጠዋት በደማቸው ያለው የኦክስጅን መጠን 95 በመቶ ስለ ነበር ሐኪሙ የሚሰጣቸው ኦክስጅን እንዲቀነስ አዘዘ። ሌሊት ተረኛዋ ነርስ ስትለካ 87 አገኘች። አዛውንቱ ግን «ደኅና ነኝ» እያሉ ይጫወታሉ። ሐኪሙ ልኬቱን ተጠራጠረ፤ የቀዘቀዘ ጣት ወይም ቀለም የተቀባ ጥፍር መሣሪያውን ሊያሳስት ይችላልና። የደገኛ ሰው መጠንም ከቆለኛው ጥቂት ዝቅ ይላል። ነርሷ ደግሞ በዚህ በሽታ ኦክስጅን ያነሰው ሰው ሳይጨነቅ ሊታይ እንደሚችል ታውቃለች። ሁለቱም እውነት ይዘዋል። ስለዚህ ጣቱን አሙቆ እንደገና መለካት፣ በደቂቃ ስንት ጊዜ እንደሚተነፍሱም መቁጠር ያሻል። መጠኑ ከ90 በታች ሆኖ ከቀጠለ ኦክስጅኑ ይጨመራል። አሁንም ካልተግባቡ ነርሷ ያየችውን ከነሰዓቱ በካርዱ ላይ መዝግባ ለበላይ ተረኛ ሐኪም ማሳወቅ ይገባታል፤ ይህ እንደ ድፍረት ሊቆጠርባት አይገባም።

ጎንደር ለቡድን ሥራ እንግዳ አይደለችም። እ.ኤ.አ. በ1953 በደንቢያ የተነሣው የወባ ወረርሽኝ ብዙ ሕዝብ ከፈጀ በኋላ፣ በ1954 የተከፈተው የሕዝብ ጤና ኮሌጅ የጤና መኮንኖችን፣ የማኅበረሰብ ነርሶችንና የአካባቢ ጤና ባለሙያዎችን በአንድ ቡድን እንዲሠሩ አሠልጥኗል። ይሁንና ትእዛዝ ከላይ ወደ ታች ብቻ ይወርዳል የሚለው ልማድ ዛሬም አልጠፋም። ወጣቷ ነርስ ዶክተሩን ለመጠየቅ ስታመነታ የሚባክነው የሕመምተኛው ጊዜ ነው።

አስታማሚ ሆይ፣ በክርክሩ ወገን አይያዙ፤ ኦክስጅኑንም በራስዎ አይቀንሱ፣ አይንቀሉ። ነገር ግን ሌሊቱን አጠገባቸው ያደሩት እርስዎ ነዎትና ያዩትን ይናገሩ፦ መተንፈስ የከበዳቸው መቼ ነው? ምግብ እምቢ ብለዋል? ንግግራቸው ተምታቷል? ከዚያም «ምን ተወሰነ? መቼ እንደገና ይለካል?» ብለው ይጠይቁ። ሲስተርና ዶክተር የተለያየ መልስ ከሰጡዎ፣ ሁለቱም ባሉበት እንዲያስረዱዎ በትሕትና ይጠይቁ።