ገራዶ አረንጓዴ ሆኗል ወይ? ሳተላይት የሚነግረንና የማይነግረን

ከደሴ ወደ ጉጉፍቱ በሚወስደው መንገድ ቁልቁል ስትወርዱ የገራዶን ሸለቆ ታገኛላችሁ። ከላይ ተራራ፣ ከታች የእህል ማሳና መስኖ። በእንዲህ ዓይነቱ ተፋሰስ ገበሬው በበጋ እርከን ይሠራል፣ በክረምት ችግኝ ይተክላል። አንዳንዱ ተራራ ደግሞ ከብት እንዳይገባበት ይከለላል። ታዲያ ይህ ሁሉ ልፋት ተራራውን እያዳነው ነው? መልሱን ከተሳሳትን ጎርፉ አፈሩን ጠርጎ ታች ያለው ማሳ ላይ ሲያራግፈው ነው የምንነቃው።

ተራራውን ሁሉ በእግር መለካት ያስቸግራል። ስለዚህ ከሰማይ እናያለን። (ከዚህ በታች ያሉት ዓመታት በሙሉ እንደ ፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው።)

ሳተላይት ቅጠልን እንዴት ያውቃል?

ቅጠል ውስጥ ያለው ክሎሮፊል ምግብ ለመሥራት ቀይ ብርሃንን ይውጣል። ዓይናችን የማያየውን ኢንፍራሬድ ብርሃን ግን ጤናማ ቅጠል በብዛት መልሶ ያንጸባርቀዋል። ደረቅ አፈር ሁለቱንም በተቀራረበ መጠን ይመልሳል። ሳተላይቱ ሁለቱን ይለካል፤ እኛ ደግሞ እናሰላለን፦ ከኢንፍራሬዱ ቀዩን ቀንሱ፣ ውጤቱን ለሁለቱ ድምር አካፍሉ። ይህ ቁጥር ኤንዲቪአይ ይባላል።

ለምሳሌ አንድ ቁጥቋጦ ከኢንፍራሬዱ 40 በመቶ፣ ከቀዩ 8 በመቶ መለሰ እንበል። 32 ለ48 ሲካፈል 0.67 ይሆናል። ባዶ አፈር 25 እና 20 ቢመልስ 5 ለ45 ሲካፈል 0.11 ነው። ልዩነቱ ግልጽ ነው።

ቆይ፣ መቀነሱ ብቻ አይበቃም ነበር? አይበቃም። ተራራማ ቦታ ጥላ አለው። ጥላው ብርሃኑን በግማሽ ቢቀንሰው ቁጥቋጦው 20 እና 4 ይመልሳል። ልዩነቱ ከ32 ወደ 16 ወረደ። ሲካፈል ግን 16 ለ24 ያው 0.67 ነው። ማካፈሉ የጥላውን ተጽዕኖ በአብዛኛው ያጠፋልናል።

ወሩን አትርሱ

እኔም ስጀምር ተሸውጃለሁ። የድሮውን ምስል ከየካቲት፣ አዲሱን ከመስከረም ወሰድኩና ካርታው አረንጓዴ በአረንጓዴ ሆነ። ደስ ብሎኝ ሳሳያቸው አማካሪዬ አንድ ጥያቄ ብቻ ጠየቁኝ፦ «በየትኛው ወር የተነሱ ናቸው?» ያወዳደርኩት ለካ ደረቁን ወር ከክረምት ማግስት ጋር ነበር! ደቡብ ወሎ ላይ ደግሞ ነገሩ ይብሳል፤ ከክረምቱ ሌላ የበልግ ዝናብም አለ። በልግ የዘነበበትን ዓመት በልግ ከቀረበት ዓመት ጋር ብታወዳድሩ፣ አንድ ዛፍ ሳይተከል ወይም ሳይቆረጥ ካርታው ይለወጣል።

አረንጓዴው ምንድነው?

ዋናው ጥያቄ ይሄ ነው። ከብሮም ተክሌና ላርስ ሄድሉንድ በኮምቦልቻ ዙሪያ ባለው በቃሉ ወረዳ በ1958 እና በ1986 ከአውሮፕላን የተነሱ ፎቶዎችን አወዳድረው ነበር። የእርሻ መሬቱ ብዙም አልተለወጠም፤ ቁጥቋጦው፣ የወንዝ ዳር ዕፅዋቱና ደኑ ግን ቀንሷል። የታሪክ ተመራማሪው ዶናልድ ክረሚ በበኩላቸው ወሎ ውስጥ በ1937 ፎቶ የተነሱ ቦታዎችን በ1997 ሄደው እንደገና አነሱ። እሳቸው ደግሞ ያገኙት የበዛ ዛፍ ነው።

ማን ተሳሳተ? ማንም ላይሳሳት ይችላል። ዓመታቱም ቦታዎቹም ይለያያሉ፤ በዚያ ላይ የአገሬው ቁጥቋጦ እየሳሳ ባሕር ዛፍ ሊበዛ ይችላል። ባሕር ዛፍ ለገበሬው ገንዘብ ነው፣ ማገዶም ነው። ነገር ግን የረገፈው ቅጠል ለማገዶ ተጠርጎ ሥሩ ባዶ ከቀረ ዝናቡ አፈሩን ይዞት ይወርዳል። ከላይ ያለው ሳተላይት ግን ለምለም ቅጠል ነው የሚያየው።

መፍትሔው አንድ ምስል ሳይሆን የዓመቱን ምስሎች መደርደር ነው። የእህል ማሳ ቁጥሩ ይወጣል፣ ሲታጨድ ይወርዳል። ሣር በክረምት ለምልሞ በበጋ ይደርቃል። ባሕር ዛፍ በየካቲትም ብዙ አይወርድም። ለዚህ ሥራ በ2015 የመጀመሪያዋ የመጠቀችው የሴንቲኔል-2 ሳተላይቶች ጥሩ ናቸው። ሁለት ሆነው በየ5 ቀኑ ይመለሳሉ፤ የአንዱ ፒክሰል ጎን 10 ሜትር ነው። የሄክታር ሩብ የሚሆን አንድ ጥማድ መሬት 25 ፒክሰል ይይዛል ማለት ነው። በላንድሳት የ30 ሜትር ምስል ግን ሦስት ፒክሰል እንኳ አይሞላም። የላንድሳት ጥቅሙ ዕድሜው ነው፤ የመጀመሪያዋ የመጠቀችው በ1972 ነው።

ይሁንና ጥድም ባሕር ዛፍም ዓመቱን ሙሉ አረንጓዴ ናቸው። እዚህ ላይ ጂፒኤስ ይዞ ተራራውን መውጣት፣ ዛፉን በዓይን ማየት፣ «አባባ፣ እዚህ ድሮ ምን ነበር?» ብሎ መጠየቅ ግድ ነው።

የሴንቲኔል-2 ምስሎች በነፃ የሚገኙ ናቸው፤ የላንድሳትም ከ2008 ጀምሮ ነፃ ሆነዋል። ኢንተርኔት ካላችሁ ኮፐርኒከስ ብራውዘርን ክፈቱና የሰፈራችሁን ተራራ ፈልጉ። ሁለት ዓመት ምረጡ፤ ወሩ ግን አንድ ይሁን። ከዚያ የተለወጠውን ቦታ መዝግቡና ቅዳሜ ሄዳችሁ እዩት።